የማይመለሰው ሙጫ አባት፤ ሊዮ ቤክላንድ

ከአዲስ አበባ ተነሥተን በጎጃም መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዝን ጫንጮን እናገኛለን። ጫንጮ የወተትና የቅቤ አገር ናት። ቅቤ ፀሐይ ሲነካው ይቀልጣል፤ ሲመሽና ሲበርድ መልሶ ይረጋል። እንቁላል ግን አንድ ጊዜ ከተቀቀለ ቢበርድም ወደ ፈሳሽነቱ አይመለስም። በዚያች ከተማ ካሉት ትናንሽ ሱቆች በአንዱ ከሁለት ቱቦ እየተጨመቀ የሚደባለቅ ሙጫ ሲሸጥ ባየን ጊዜ፣ እንደ እንቁላሉ አንዴ ጠንክሮ የማይመለስ ሙጫ ሠርቶ የታወቀው ሊዮ ቤክላንድ ትዝ አለን። ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ቤክላንድ በ1863 ዓ.ም. በቤልጂግ አገር በጌንት ከተማ ተወለደ። አባቱ ጫማ ሰፊ፣ እናቱም በሰው ቤት የምታገለግል ነበረች። ትምህርቱ ግን ፈጣን ስለ ነበረ ገና በ21 ዓመቱ ዶክተር ተባለ። በ1889 የመምህሩን ልጅ አግብቶ ወደ አሜሪካ ሄደ። እዚያም ቬሎክስ የተባለ የፎቶግራፍ ወረቀት ሠርቶ በ1899 ለኮዳክ ኩባንያ በመሸጡ ባለጸጋ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ያርፍ ነበር፤ እርሱ ግን በዮንከርስ ግቢው ላቦራቶሪ አቋቋመ።

በዚያን ዘመን ኤሌክትሪክ እንዳያስተላልፍ መሸፈኛ የሚሆነው ሼላክ የሚገኘው በእስያ ከምትኖር ጥቃቅን ተባይ ነበርና ዋጋው ውድ ነበር። ጀርመናዊው ሊቅ ባየር በ1872 ፊኖልን ከአልዴሃይድ ጋራ ቢደባልቅ ዝፍት የመሰለ ነገር ወጥቶለት ትቶት ነበር። ቤክላንድም በመጀመሪያ ይህ ነገር የሚሟሟ እንዲሆን ደከመ። ኋላ ግን አሳቡን ገለበጠው፤ አልሟሟም ማለቱ ራሱ ሀብት መሆኑን አስተዋለ። በእኛ አስተያየት የሰውየው ትልቅነት እዚህ ላይ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ውሃው ነበር። ሁለቱ ሲዋሐዱ ውሃ ይወጣል፤ ውሃውም በሙቀት እንፋሎት ሆኖ ሙጫውን እንደ እንጀራ ዐይን በዐይን ያደርገዋል። እንጀራ ዐይኑ ሲበዛ ይወደዳል፤ ለማብሪያ ማጥፊያ ግን አይሆንም። ሌሎች ሙቀቱን ሲቀንሱ፣ ቤክላንድ ሙቀቱን ጨምሮ በተዘጋ የብረት ጋን ውስጥ በግፊት ዐፈነው። ይህን በ1907 ለፓተንት አቀረበ፤ በ1909 ለኬሚስቶች ማኅበር ገለጠ። ሙጫው ከመጠንከሩ በፊት የእንጨት ዱቄት ይደባለቅበታል፤ ብቻውን ቢሆን ተሰባሪ ነውና። ቤኬላይት የተባለው ይህ ነው፤ ጥቁሩ የስልክ እጀታ ከእርሱ ይሠራ ነበር።

ቤክላንድ በሸመገለ ጊዜ ፒየር ካስታን የተባለ የስዊስ ኬሚስት ለጥርስ ሥራ የሚሆን ነገር ሲፈልግ ወደ ኢፖክሲ ደረሰ። ኢፖክሲ ሲጠነክር ውሃ አያወጣም፤ ስለዚህ የብረት ጋን አያሻውም፣ በቱቦም ይሸጣል። ነገር ግን እርሱም ተሰባሪ ነው። ኋላ የመጡት ሊቃውንት ፈሳሽ ጎማ ደባለቁበት። ጎማው በመጀመሪያ ሟሙቶ ይቆያል፤ ሞሎኪውሎቹ እንደ መረብ እየተቋጠሩ ሲሄዱ ስፍራ ያጣና በዓይን የማይታይ ጠብታ ሆኖ ይለያል። ጠብታዎቹ ስንጥቅ እንዳይሮጥ ያግዳሉ። ድብልቁ ቀድሞ ከረጋ ግን ጎማው ሳይለይ እዚያው ይቀራል፤ ሙጫውን ከማለስለስ በቀር ብዙ አይረዳም።

ቤክላንድ ኩባንያውን በ1939 ለዩኒየን ካርባይድ ሸጠ። ያ ሁሉ ሀብት እያለው በመጨረሻ ዘመኑ ምግቡን ከቆርቆሮ እየከፈተ ይበላ ነበር። በየካቲት 1944 በ80 ዓመቱ ዐረፈ። የካስታን ሙጫ አራልዳይት ተብሎ ለሕዝብ የቀረበው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።