ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ፤ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ

አንድ መጽሐፍ ተሽጦ ሲያልቅ እንደገና መታተሙ፣ ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉ፣ ደራሲው ካረፈም በኋላ አንባቢ አለማጣቱ ለብዙ መጻሕፍት ያልተሰጠ ዕድል ነው። በአገራችን ይህን ዕድል ካገኙት ጥቂቶች አንዱ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በ1958 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ከወጣ ወዲህ ደጋግሞ ታትሟል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ ፊደል ያልቈጠረው ሰው ሳይቀር ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን እንደ ጎረቤቱ ልጆች ዐውቆ አዝኖላቸዋል። ይሁን እንጂ ለሁለቱ ወጣቶች ያዘንነውን ያህል ስለ ደራሲው አንጠይቅም። ስለዚህ በዚህ ዕትማችን የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን ሕይወት በአጭሩ ልንተርክ ወደድን።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በተባለ ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው አባ ዓለማየሁ ሰሎሞን ካህን ነበሩና ትምህርታቸው እንደ ጊዜው ልማድ በቤተ ክርስቲያን ተጀመረ። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ እየተዘዋወሩ ቅኔ ተማሩ። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ በመጽሐፉ ውስጥ በዛብህም ትምህርት ፍለጋ ወጥቶ የደረሰው ዲማ ጊዮርጊስ ነው። ደራሲውና የፈጠሩት ወጣት እስከዚህ ድረስ በአንድ መንገድ የሄዱ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ግን ዕጣቸው ይለያያል። በዛብህን እናቱ ገና በሕፃንነቱ ለቤተ ክርስቲያን ስለ ተሳለችው ሚስት ማግባት አልተፈቀደለትም። የድኻ ልጅ በመሆኑም የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሊያስተምራት እንጂ ሊመኛት አይገባውም። ስለዚህ ፍቅሩ ከትዳር ሳይደርስ እርሱ በመንገድ ቀረ። ሐዲስ ግን አዲስ አበባ መጥተው በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤቶች ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ፤ ኋላም ወደ ጎጃም ተመልሰው በደብረ ማርቆስ አስተማሩ።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን ስትወር ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። ሠራዊቱ ከተፈታ በኋላም ከራስ እምሩ ሳይለዩ በምዕራብ ኢትዮጵያ ቈይተው በ1929 ዓ.ም. ተማረኩ። ወደ ኢጣልያ ተወስደው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታሰሩ፤ ነፃ የወጡትም የቃል ኪዳን መንግሥታት ጦር ኢጣልያ ሲገባ ነው። የወጣትነታቸውን ምርጥ ዓመታት በባዕድ ደሴት ጨርሰው የተመለሱት እኚህ ሰው፣ የዚያን ዘመን ነገር በ1985 ዓ.ም. «ትዝታ» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈውልናል።

ከዚያ በኋላ የመንግሥት ሥራ ተከተለ። በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኢትዮጵያ መልእክተኛ፣ በ1952 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር፣ ቀጥሎም በለንደን አምባሳደር ሆኑ። ይህ ሁሉ ሹመት ግን የገበሬውን ጎጆ አላስረሳቸውም።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆም ይገባናል። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሬት ላራሹ ብለው አደባባይ ወጡ። በሚቀጥለው ዓመት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። በመጽሐፉ ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎች ከልማድ በላይ የተጠየቁትን ግብር አንሰጥም ይላሉ፤ ሊቀጧቸው የዘመቱባቸውን ጌታቸውንም ይማርካሉ። የፊታውራሪው ዘመድ ካሣ ደግሞ ሰው በዘሩ መመዘኑን በመንቀፉ እንደ ዕብድ ተቈጥሮ ጉዱ ካሣ ተብሏል። ተማሪው በአደባባይ የጮኸውን ሚኒስትሩ በልብ ወለድ ጻፉት ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

አንዳንዶቻችን ግን አንድ ጥያቄ እናነሣለን። ሥርዓቱን እንዲህ አጥርተው ያዩ ሰው ስለምን በዚያው ሥርዓት ሹመት ተቀበሉ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ልንሸሽገውም አንወድም። እኛ የምንመልሰው እንዲህ ነው። በቤተ መንግሥት አካባቢ የኖሩ ብዙዎች ያዩትን ሳይናገሩ ዐልፈዋል፤ ሐዲስ ግን በሥልጣን ላይ ሳሉ ጻፉ። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ሲፈነዳ ለአገሪቱ የሚበጀውን አስተዳደር የሚመረምር መጽሐፍ አሳተሙ። ደርግ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሹመት ባቀረበላቸው ጊዜ ግን አልተቀበሉም። ሹመትን እንቢ ማለት ከመቀበል ይልቅ በሚያስፈራበት ዘመን እንቢ ያለ ሰው፣ ቀድሞም የሹመት ባሪያ እንዳልነበረ እናምናለን።

ከዚያ በኋላ ብዕራቸውን አላስቀመጡም። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974 ዓ.ም.፣ «የልምዣት» በ1980 ዓ.ም. ወጡ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በኅዳር ወር 1996 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ዐረፉ።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? ከመካከላችን ብዙዎች ከገጠር የመጣን ነን። ከእኛ ጋር ፊደል ቈጥረው፣ ምናልባትም ከእኛ ይልቅ ብልህ ሆነው፣ በችግር ወይም በልማድ ምክንያት እዚያው የቀሩ ልጆች እናውቃለን። ሐዲስ ዓለማየሁ መንገዱን ጨርሰው ከፍ ካለ ቦታ ሲደርሱ፣ በመንገድ የቀረውን ልጅ አልረሱም፤ ዞረው ስሙን በዛብህ ብለው ጻፉት። መጽሐፉ የፍቅር መጽሐፍ ነው፤ ግን ሁለቱን ወጣቶች የለያያቸው የፍቅር ማነስ አይደለም። የለያያቸው ሰው የሠራው አጥር ነው፤ ሰው የሠራውን ደግሞ ሰው ሊያፈርሰው ይችላል። መጽሐፉን ያነበበ ጓደኛችን ሁሉ አልቅሶ ሲያበቃ፣ በመጣበት መንደር ያ አጥር ዛሬም ቆሞ እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ።