ትጋትና ደስታ በአባ ሙሴ ጸሊም ኑሮ

የአባ ሙሴ ጸሊም ስም በተነሣ ቍጥር ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናስታውሰው ሽፍትነቱን ነው። ሰባክያንም ከዚሁ ይጀምራሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚሁ አያልፉም። እኛ ግን ዛሬ ልናነሣ የወደድነው ከዚያ በኋላ የመጣውን፥ ውሃ በመቅዳትና እንግዳ በመቀበል ያለፈውን ረጅም ዘመን ነው።

ዘመኑ 4ኛው መቶ ዓመት ነው። ጥንታውያን ጸሐፊዎች ኢትዮጵያዊ ይሉታል። በግብፅ አገር የአንድ ሹም ባሪያ ሳለ ስለ ክፉ ጠባዩና ስለ ስርቆቱ ተባረረ፤ ከዚያም የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። የአንድ እረኛ ውሻ ጮኾ ሥራውን ቢያሰናክልበት እረኛውን ሊገድል ሰይፉን በአፉ ነክሶ የዓባይን ወንዝ ተሻገረ፤ ሰውየውንም ቢያጣው አራት አውራ በጎች ገድሎ በገመድ እየጎተተ ዋኝቶ ተመለሰ። ጕልበቱ እንዲህ ያለ ነበረ።

በኋላ ልቡ ተመልሶ ወደ ገዳመ አስቄጥስ ገባ። ይሁን እንጂ የቀድሞው ልማድ በአንድ ቀን አልተወውም። የዝሙት ጾር እጅግ ቢበረታበት ወደ ካህኑ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄዶ ተናዘዘ። አባ ኤስድሮስም አልተቈጣውም፤ በሥጋ ሻጭ ደጅ አጥንት የለመደ ውሻ ደጁ ተዘግቶ ሲያገኘው ውሎ አድሮ እንደሚሄድ በምሳሌ ነግሮ ወደ በአቱ መለሰው። ሙሴም ምግቡን ቀነሰ፤ ስድስት ዓመት ያህልም ሌሊቱን ሁሉ ቆሞ ጸለየ፤ ጾሩ ግን አልለቀቀውም።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ልብ ብለን እንመልከት። ሌሊት ሌሊት እየተነሣ ደካሞች አረጋውያን ወደሚኖሩባቸው በአቶች ይሄድ፥ እነርሱ ሳያውቁ እንሥራዎቻቸውን ወስዶ ውሃ ሞልቶ ይመልስላቸው ነበር። የአንዳንዱ በአት ከውሃው ግማሽ ማይል፥ የሌላው ሁለት፥ የሌላውም አምስት ማይል ይርቅ ነበር። በጎቹን በወንዝ የጎተተ ያው ክንድ አሁን የሽማግሌዎችን እንሥራ ተሸከመ። አንድ ሌሊትም ከጕድጓዱ አጠገብ ሰይጣን በበትር መትቶ ጣለው፤ ሲነጋ አግኝተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱት፤ አንድ ዓመት ታመመ። አባ ኤስድሮስም ከመጠን በላይ ከመታገል እንዲያርፍ መከረው፤ ጾሩም እንደ ተወው ነግሮ ሳይፈራ ወደ ቅዱስ ቍርባን እንዲቀርብ አዘዘው።

ደስታን የምናኔ ጠላት አድርገን የምንቈጥር ብዙዎች ነን። አባ ሙሴ ግን እንግዳ በመጣበት ጊዜ ፊቱ ይበራ ነበር። በአንድ ወቅት ሳምንቱን ሁሉ እንዲጾሙ በገዳሙ ታውጆ ሳለ ከግብፅ ወንድሞች መጡበትና ጥቂት ወጥ ሠራላቸው። ጎረቤቶቹ ጢሱን አይተው ለካህናቱ ከሰሱት፤ ቅዳሜ በጉባኤ መካከል ካህናቱ የሰውን ትእዛዝ አፍርሶ የእግዚአብሔርን እንደ ጠበቀ በአደባባይ መሰከሩለት። ከሳሾቹ ምን እንዳሉ ታሪኩ አይነግረንም።

ደግሞም አንድ መንገደኛ የነገሥታት ልጆች መምህር ወደ ነበረው ወደ አባ አርሳንዮስ ሄደ፤ እርሱም ቃል ሳይናገር በዝምታ ተቀመጠ። መንገደኛው አፍሮ ወደ አባ ሙሴ ቢሄድ አቅፎ በደስታ ተቀበለው፤ አስተናግዶም አሰናበተው። ይህን የሰማ አንድ አባት ነገሩ ከብዶት ቢጸልይ በወንዝ ላይ ሁለት ታንኳዎች ታዩት። በአንደኛው አባ አርሳንዮስ ከመንፈስ ቅዱስ ጋራ በጸጥታ ይቀዝፋል፤ በሁለተኛው መላእክት ከአባ ሙሴ ጋራ ሆነው በማር የተለወሰ እንጎቻ ይመግቡታል። ይህንን ያነሣነው አባ አርሳንዮስን ለማሳነስ አይደለም፤ ታንኳዎቹ በአንድ ወንዝ ላይ ነበሩና።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ407 ዓ.ም. ገደማ በረበሮች ወደ አስቄጥስ ሲመጡ ወንድሞችን እንዲሸሹ መከራቸው፤ እርሱ ግን በሰይፍ የኖረ በሰይፍ መሞቱን ሲጠብቅ ነበርና አልሸሸም። ከእርሱ ጋራ የቀሩትም አብረውት ተገደሉ፤ ከገመድ ክምር በስተኋላ የተሸሸገ አንድ ወንድም ሰባት አክሊላት ሲወርዱ አየ። ዕድሜው 75 ዓመት ነበረ፤ 70 ደቀ መዛሙርትም ትቶ አለፈ። ስንክሳር መታሰቢያውን ሰኔ 24 ቀን ያነባል።