ቨርጂልን በእንግሊዝኛ ያናገረው ጆን ድራይደን

የሮማው ባለቅኔ ቨርጂል በላቲን የደረሳቸውን ሦስት ሥራዎች፥ ማለት የእረኞቹን ግጥም፥ የእርሻውን ግጥምና የኤኔያስን ታሪክ፥ ብዙ እንግሊዞች ተርጕመዋቸዋል። ከእነርሱ መካከል ስሙ የገነነው ጆን ድራይደን ነው።

ድራይደን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1631 ዓ.ም. በኖርዛምፕተንሽር አውራጃ ተወለደ። ላቲንን የተማረው በዌስትሚንስተር ትምህርት ቤት ነው። የዚያ ትምህርት ቤት አለቃ ዶክተር በዝቢ በአርጩሜያቸው የታወቁ ስለ ነበሩ፥ እኛ ተማሪዎች ይህን ስናነብ ለድራይደን ማዘናችን አልቀረም። ከዚያም በኬምብሪጅ ተማረ።

ክሮምዌል በሞተ ጊዜ በግጥም አወደሰው፤ በ1660 ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ሲመለስ ደግሞ ንጉሡን አወደሰ። ስለዚህ ጠላቶቹ ከነፋስ ጋራ የሚዞር ሰው ነው እያሉ አሙት። በ1668 የቤተ መንግሥት ባለቅኔ ሆኖ ተሾመ። በጀምስ 2ኛ ዘመን ካቶሊክ በሆነ ጊዜም ለጥቅሙ ነው ተባለ። ነገር ግን በ1688 ጀምስ ሸሽቶ ፕሮቴስታንቱ ዊልያም 3ኛ በነገሠ ጊዜ፥ ድራይደን ሃይማኖቱን አልለወጠም፤ ለአዲሱም ንጉሥ አልማለም። ሹመቱንና ደመወዙን አጣ። በቦታው የተተካውም ቀድሞ በግጥም መሳቂያ ያደረገው ቶማስ ሻድዌል ነበር። እንደ እኔ ሐሳብ ሐሜተኞቹ መልሳቸውን ያገኙት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲያ የሚኖረው በብዕሩ ሆነ። ዕድሜው ከ60 ካለፈ በኋላ ጄኮብ ቶንሰን ከሚባል አሳታሚ ጋራ ተዋውሎ ቨርጂልን መተርጐም ጀመረ። ሥራው ሦስት ዓመት ያህል ፈጀ፤ በመካከሉም ችግርና ሕመም አልተለየውም። የላቲኑ ግጥም ቤት አይመታም፤ እርሱ ግን ሁለት ሁለቱን ስንኝ ቤት እያስመታ ተረጐመው። ላቲን በጥቂት ቃል ብዙ የሚናገር ቋንቋ ስለ ሆነ፥ 9,900 ያህል የነበረው የኤኔያስ ታሪክ ስንኝ በእንግሊዝኛው ከ13,000 በላይ ሆነ። ቃል በቃል የሚሻ አንባቢ በዚህ ይቀየመዋል። የድራይደን ሐሳብ ግን ቨርጂል በእንግሊዝ አገር በእርሱ ዘመን ቢወለድ ኖሮ እንደሚናገረው አድርጎ ማናገር ነበር።

መጽሐፉ በ1697 ታተመ። 101 ሰዎች እያንዳንዳቸው አምስት ጊኒ የሚባል የወርቅ ገንዘብ ለመክፈል ተመዝግበው፥ ስማቸው በየሥዕሉ ግርጌ ወጣላቸው። ቶንሰን መጽሐፉ ለንጉሥ ዊልያም መታሰቢያ እንዲሆን ፈልጎ ነበር፤ ድራይደን ግን እንቢ አለ። አሳታሚውም ዘዴ ፈጥሮ፥ በሥዕሎቹ ላይ የኤኔያስን አፍንጫ እንደ ንጉሡ አፍንጫ ቆልማማ አስደረገው። ሽማግሌው ይህን ነገር ሮማ ለነበሩት ልጆቹ በደብዳቤ ነገራቸው። መታሰቢያውን ግን ለሌሎች መኳንንት ሰጠ እንጂ ለንጉሡ አልሰጠም። በ1700 ሞቶ በዌስትሚንስተር ታላቁ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።