እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ማርያም

ከየካ ራስጌ ጀምሮ አዲስ አበባን በስተሰሜን እንደ ቅጥር ከልሎ የሚታየው የእንጦጦ ተራራ ከአናቱ ላይ ሁለት የታወቁ አድባራት አሉት፤ እነርሱም እንጦጦ ማርያምና እንጦጦ ራጉኤል ናቸው። እንጦጦ ማርያም የእቴጌ ጣይቱ ብጡልን ክብርም ኀዘንም ያየች ደብር ናትና፣ ታሪካቸውን ባጭሩ ማስታወስ ለምእመናን ትምህርት ይሆናል።

እቴጌ ጣይቱ የደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም ልጅ ሲሆኑ፣ አባታቸው የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ወንድም ነበሩ። የመኳንንት ሴት ልጅ እንኳ ከፈትልና ከቤት አያያዝ በቀር ሌላ ትምህርት እምብዛም በማታገኝበት በዚያ ዘመን፣ እርሳቸው ንባብና ጽሕፈት ተምረው ግእዝንም ያወቁ ነበሩ። በ1875 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል አንኮበር ላይ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋራ በቅዱስ ቁርባን ተጋቡ።

ከጥቂት ጊዜም በኋላ የንጉሡ ከተማ በእንጦጦ ጸና። ተራራው ለጦር መልካም ምሽግ ቢሆንም፣ ብርዱ ጽኑ፣ ማገዶውም ጥቂት ስለ ነበረ ሠራዊቱና ሕዝቡ ይቸገሩ ነበር። እቴጌይቱም ከተራራው ግርጌ፣ የአገሩ ሰው ፊንፊኔ ብሎ በሚጠራው ስፍራ፣ ወደ ፍል ውሃው ይወርዱ ነበርና የቦታው ልምላሜ ደስ ስላሰኛቸው በ1879 ዓ.ም. በዚያ ቤት አሠሩ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱ እየተከተሉ ቦታ ተመሩ፤ ከየአውራጃው የመጣው ወታደርና ባለ እጅ፣ ሸማኔና ነጋዴም በየአለቃው ዙሪያ ሰፈረ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ምስክሮች ናቸው። ቋንቋውና ትውልዱ ልዩ ልዩ የሆነው ሕዝብም በየአጥቢያው እየተሰበሰበ በሰንበቴና በማኅበር ተዛመደ።

ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ነገሡ፤ ከሁለት ቀንም በኋላ ጣይቱ እቴጌ ተብለው ዘውድ ደፉ። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋው ዘመቻ እቴጌይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘመቱ፤ በመቀሌም ጠላት ከምሽጉ ሳለ ውሃው እንዲያዝበት የመከሩት እርሳቸው እንደ ሆኑ ይነገራል። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት የተማሩት ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ በእቴጌ መነን ስም የተጠራው የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት የተከፈተው እቴጌ ጣይቱ ካረፉ ከ13 ዓመት በኋላ በ1923 ዓ.ም. ነው።

ዐፄ ምኒልክ በደዌ በተያዙ ጊዜ እቴጌይቱ የመንግሥቱን ሥራ በእጃቸው ያዙ። ነገር ግን ሹመቱን ለወገኖቻቸው ያዳላሉ ብለው የሸዋ መኳንንት አጉረመረሙ፤ በመጋቢት ወር 1902 ዓ.ም.ም ከሥልጣን አራቋቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በታኅሣሥ ወር 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ እቴጌይቱ ከቤተ መንግሥት ወጥተው ወደ እንጦጦ ማርያም ሄዱ። ዘውድ በደፉባት ደብር ጥላ ሥር፣ ራሳቸው ስም ያወጡላትን ከተማ ቍልቍል እያዩ፣ በመበለትነትና በጸሎት ኖሩ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐርፈው በዚያው ተቀበሩ፤ ኋላም ዐፅማቸው ወደ በዓታ ለማርያም ገዳም ፈልሶ ከዐፄ ምኒልክ አጠገብ ዐረፈ።

ምእመናን ሆይ፣ በዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እናስተውል። ሥልጣናቸውን ሰዎች በአንድ ቀን ወሰዱት፤ በልጅነታቸው የተማሩትን ግን የሚወስድባቸው አልነበረም፤ በመበለትነታቸውም ዘመን አብሯቸው ነበረ። ስለዚህ ካህን የሆነ ሁሉ በአጥቢያው ወንድ ልጅ ፊደል ሲቈጥር እኅቱም አብራው እንድትቈጥር ይትጋ። ደግሞም ሹመት ያለፈበትን ሰው መርሳት የሰው ልማድ ነውና፣ በየደብሩ ጥግ የተጠጉትን መበለቶችና አረጋውያን እንጠይቅ፤ የምንኖርበትን ቤት መሠረት ያኖሩ እነርሱ ሊሆኑ ይችላሉና።