ዕዳቸውን ያልካዱት ባለሱቅ

አብርሃም ሊንከን ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቃቸው 16ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንትና የባሪያ ሥርዓት እንዲያከትም ያደረጉ መሪ መሆናቸውን ነው። ከዚያ በፊት ግን የአርሶ አደር ልጅ፣ ዘማችና በአንዲት ትንሽ መንደር የከሰሩ ባለሱቅ ነበሩ። ለእኛ ለኅብረት ሥራ አባላት ትልቁ ቁም ነገር የሚገኘውም በዚሁ በሱቅ ዘመናቸው ነው።

ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1809 በኬንታኪ ግዛት ከግንድ በተሠራች ጎጆ ውስጥ ተወለዱ። ትምህርት ቤት የቆዩበት ጊዜ ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም። መጥረቢያ ይዘው ደን ሲመነጥሩ፣ ሲያርሱና ለአጥር የሚሆን እንጨት ሲፈልጡ አደጉ። በ1831 ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ ወደምትገኘው ኒው ሳሌም መጥተው በሱቅ ሻጭነት ተቀጠሩ።

በ1832 የብላክ ሆክ ጦርነት ሲነሳ በፈቃደኝነት ዘመቱ፤ ጓደኞቻቸውም በድምፅ ሻምበል አድርገው መረጧቸው። ጦርነቱ የተነሳው የሶክ ነባር ሕዝብ ወደተነጠቀው መሬቱ ለመመለስ በመሞከሩ ነው። ሊንከን ለሦስት ወር ያህል ቢያገለግሉም ውጊያ አልገጠማቸውም።

ከዘመቻ እንደተመለሱ ከዊልያም ቤሪ ጋር በሽርክና ሱቅ ገዙ። ጥሬ ገንዘብ ስላልነበራቸው የገዙት የዕዳ ሰነድ ፈርመው ነው። መንደሯ አላደገችም፤ ገበያውም ቀዘቀዘና ሱቁ ተዘጋ። በ1835 ሽርካቸው ሲሞቱ የሁለቱም ዕዳ በሊንከን ትከሻ ላይ ወደቀ። መጠኑ 1,100 ዶላር ያህል ሲሆን ለዚያ ዘመን ከባድ ገንዘብ ነበር።

ሊንከን አገር ጥለው አልኮበለሉም። በፖስታ ቤት ኃላፊነትና በመሬት ቅየሳ እየሠሩ ከሚያገኙት ላይ መክፈል ጀመሩ። አንድ አበዳሪ አስፈርዶባቸው ፈረሳቸውና የመቀየሻ መሣሪያቸው በሐራጅ ሲሸጥ፣ አንድ ወዳጃቸው ገዝቶ መለሰላቸው። ዕዳውን ከፍለው ለመጨረስ ብዙ ዓመታት ቢፈጅባቸውም ጨረሱ። የጎረቤቶቻቸውን አመኔታም አላጡም፤ በ1834 የግዛቱ ምክር ቤት አባል አድርገው መረጧቸው። ሕግንም በግላቸው አንብበው በ1836 የጥብቅና ፈቃድ አገኙ።

በ1861 ፕሬዚዳንት ሆኑ። በማግሥቱ ዓመት፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሳይበርድ፣ ለግብርና ትልቅ ትርጉም ያላቸውን ሦስት ሕጎች ፈረሙ። አንደኛው የግብርና መሥሪያ ቤትን አቋቋመ። ሁለተኛው ሰፍሮ ለሚያለማ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ያህል መሬት ሰጠ፤ ከዚህ መሬት ብዙው ግን ነባሮቹ ሕዝቦች የተነቀሉበት ነበር። ሦስተኛው የግብርና ኮሌጆች የሚቋቋሙበትን መንገድ ከፈተ። ይህ ሕግ ከጊዜ በኋላ የኛንም አገር ደጅ አንኳክቷል። በዚሁ ሥርዓት ከተመሠረቱት አንዱ የኦክላሆማ ኮሌጅ በ1950ዎቹ የዛሬው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነውን የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ በማቋቋም ረድቷል።

ሊንከን በኤፕሪል 1865 በጥይት ተመትተው ሞቱ። የማዳበሪያና የምርት መግዣ ብድር ለምንፈርም አባላትና አመራሮች ታሪካቸው ግልጽ ትምህርት ይሰጣል። ኪሳራ በማንም ላይ ሊደርስ ይችላል፤ የፈረሙትን አለመካድ ግን የሰው ምርጫ ነው። ማኅበርም የሚቆመው በዚሁ ነው።