የአጥንትን ሒሳብ የመረመሩ ሐኪም፤ ፉለር አልብራይት (1900–1969)

የሰው አጥንት ከደረቀ ድንጋይ የማይለይ፣ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀር ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ ሕይወት ያለው አጥንት ዕለት ዕለት ይፈርሳል፤ ዕለት ዕለትም ይታነጻል። በአካል ውስጥ ካለው ካልሲየም 99 በመቶ ያህሉ በአጥንትና በጥርስ የተከማቸ ሲሆን፣ ደም በጎደለው ጊዜ ከዚህ ጎተራ ይበደራል። በእርጅና ዘመን ግን የተበደረውን ሁሉ አይመልስም። ይህን ገቢና ወጪ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ በሚዛን ከተከታተሉት ሐኪሞች መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚታወቁት አሜሪካዊው ፉለር አልብራይት ናቸው።

አልብራይት በ1900 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በበፋሎ ከተማ ተወለዱ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1924 ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ። ወደ አጥንት ጥናት ያደረሳቸው መንገድ በመርዝ በኩል ያለፈ ነበር። በቦስቶን ከተማ ጆሴፍ ኦብ የተባሉት ሐኪም በእርሳስ ስለ መመረዝ ያጠኑ ነበርና ወጣቱ አልብራይት ከእርሳቸው ጋር ሠሩ። እርሳስ የካልሲየምን ዱካ ይከተላል፤ ካልሲየም ወደ አጥንት ሲገባ አብሮ ይገባል፣ አጥንት ሲሟሟም አብሮ ወደ ደም ይወጣል። በጉልምስና ዕድሜ ከሰውነት እርሳስ አብዛኛው በአጥንት ውስጥ ለዐሥርተ ዓመታት እንደሚቀመጥ፣ አጥንት በእርጅና ሲሳሳም እንደገና ወደ ደም ሊመለስ እንደሚችል ዛሬ የታወቀ ነው። በወጣትነት የገባ መርዝ በሽምግልና ይጠይቃል ማለት ነው።

ከዚያም በቪየና ከታዋቂው የአጥንት መርማሪ ከያኮብ ኤርድሃይም ዘንድ ቆይተው ወደ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ተመለሱ። የሥራቸው ስልት ቀላል፣ ግን አድካሚ ነበር። በሽተኛው ለሳምንታት ተኝቶ ተመዝኖ የቀረበለትን ምግብ ብቻ ይበላል፤ ሽንቱና ዓይነ ምድሩ ሳይባክን ተሰብስቦ የካልሲየሙና የፎስፈረሱ መጠን ይለካል። ከገባው ላይ የወጣው ሲቀነስ፣ አጥንት ማስቀመጡ ወይም መክሰሩ ይታወቃል። አንድ ማንኪያ ምግብ ቢደፋ ወይም የአንድ ሌሊት ሽንት ቢጠፋ የወሩ ድካም ይበላሻል። ይህን የጠበቁት ነርሶች፣ የምግብ አዘጋጆችና የላቦራቶሪ ሠራተኞች ስማቸው ከሐኪሙ ስም እኩል አለመነሣቱ ያሳዝናል።

የመርከብ አዛዡ ቻርልስ ማርቴል ጉዳይ በሕክምና ታሪክ ይታወሳል። ከመጠን በላይ የሚሠራ የፓራታይሮይድ ዕጢ አጥንታቸውን አሟሟው፤ ቁመታቸው እያጠረ ሄደ፤ የወጣውም ካልሲየም በኩላሊታቸው ጠጠር ሆነ። ዕጢው በደረታቸው ውስጥ ተሸሽጎ የተገኘው በ1932 በተደረገላቸው ሰባተኛ ቀዶ ሕክምና ነበር። ምስጢሩ ቢፈታም በዚያው ዓመት በጠጠሩ መዘዝ ሞቱ።

አልብራይት ከሁሉ ይልቅ የሚታወሱት ግን ስለ አሮጊቶች አጥንት ባገኙት ነገር ነው። የጀርባ አጥንታቸው እየተሰበረ የጎበጡ በሽተኞችን መዝገብ ሲመረምሩ፣ ዕድሜያቸው ከ65 በታች ከሆኑት 42 ሰዎች 40ዎቹ የወር አበባቸው የተቋረጠ ሴቶች ሆነው ተገኙ። ከዚያ በፊት ሌሎች ተመራማሪዎች እርግቦች እንቁላል ከመጣላቸው አስቀድሞ በአጥንታቸው ውስጥ ካልሲየም እንደሚያከማቹ አስተውለው ነበር። አልብራይት ሁለቱን አገናኙ። ለሴቶቹ ኤስትሮጅን ሲሰጡ ከሰውነት የሚወጣው ካልሲየም ቀነሰ። ውጤቱን በ1941 ከባልደረቦቻቸው ጋር አሳተሙ።

በማብራሪያው ረገድ ግን ሁሉም አልቀናቸውም። የኤስትሮጅን መጉደል የአጥንትን ግንባታ የሚያዳክም መስሏቸው ነበር፤ ኋላ የተደረሰበት ግን በዋናነት ማፍረሱን እንደሚያፋጥን ነው። በእርጅና ላይ ደግሞ አንጀት ካልሲየምን የመምጠጥ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ቆዳም ቫይታሚን ዲ የሚሠራው እያነሰ ይሄዳል። ሕክምናው ራሱ ዋጋ ነበረው፤ በ2002 በአሜሪካ የተቋረጠው ታላቅ ጥናት ኤስትሮጅን ከፕሮጀስቲን ጋር ሲሰጥ የዳሌ ስብራትን ቢቀንስም የጡት ካንሰርንና በአንጎል የደም ሥር የሚደርስ አደጋን እንደሚጨምር አሳይቷል።

ሥራቸው ገና ሲያብብ፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው አጋማሽ፣ የፓርኪንሰን በሽታ ያዛቸው። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ አንደበታቸው እየተሳሰረ ሃያ ዓመት ያህል ሠሩ፤ መጻፍ ሲያቅታቸው ረዳቶቻቸው ይጽፉላቸው ነበር። ስለ ፓራታይሮይድና ስለ አጥንት በሽታዎች ከኤድዋርድ ራይፈንስታይን ጋር ያዘጋጁት ታላቅ መጽሐፍ በ1948 የታተመው በዚህ ሁኔታ ነው።

በሌሎች ሕመም ላይ አዲስ ነገር ለመሞከር ያልፈሩት ሰው፣ በራሳቸውም ላይ አልፈሩም። ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት ጥቅሙ የታወቀው በ1960ዎቹ ማብቂያ ነበርና በ1956 ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ከአንጎላቸው ውስጥ ለመንቀጥቀጡ ምክንያት ነው የተባለውን ክፍል በአልኮል ለማጥፋት ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና ፈቀዱ። ደም ፈሰሰባቸው፤ ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። በሠሩበት በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል 13 ዓመት ያህል ተኝተው በ1969 መጨረሻ ዐረፉ።