ሌሎችን ያስታመሙት ልዕልት

ከአዲስ አበባ ወደ አሶሳ የሚጓዝ መንገደኛ ነቀምትን ያቋርጣል። በዚህች ከተማ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. አንዲት የ22 ዓመት ነርስ አረፉ። እኚህ ነርስ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ።

ልዕልት ፀሐይ ከራስ ተፈሪ መኰንን፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ እና ከእቴጌ መነን አስፋው ጥቅምት 1912 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን ስትወር ከአባታቸው ጋር ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። የስደቱን ዘመን ግን በከንቱ አላሳለፉትም። በለንደን ግሬት ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው እንደማንኛውም ተማሪ ሠለጠኑና በነሐሴ 1931 ዓ.ም. በሕፃናት ነርስነት ተመረቁ። ከዚያም በጋይስ ሆስፒታል ሥልጠናቸውን ቀጠሉ። በዘመናዊ ነርስነት ከሠለጠኑ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዷ ለመሆን በቁ።

አገር ነፃ ስትወጣ በ1933 ዓ.ም. ተመለሱ፤ በደሴ ሆስፒታልም አገለገሉ። ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ኮሎኔል (በኋላ ሌተናል ጄኔራል) አብይ አበበን አገቡና ባለቤታቸው ወደተሾሙበት ወለጋ ሄዱ። አራት ወር እንኳ ሳይሞላ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ሕይወታቸው አለፈ። በሙያቸው ለሌላው ሊደርሱ የሠለጠኑት ነርስ፣ ለራሳቸው የሚያስፈልገው ሕክምና ከዋና ከተማው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በነበሩበት ስፍራ አልደረሰላቸውም። ዕውቀትም ሆነ ማዕረግ ርቀትን አላሸነፈም።

የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ ገንዘብ አሰባስበው በስማቸው ሆስፒታል እንዲቆም ብዙ ደከሙ። እ.ኤ.አ. በ1951 አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ነርሶችንም አሠልጥኗል። ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ይኸው ነው።

ዛሬ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርዕሰ ከተማ የሆነችው አሶሳ ለረጅም ጊዜ በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች። በዚያ አካባቢ የሚሠሩ ነርሶች ሌሊቱን ቆመው ያድራሉ፤ ወገባቸውን ያማቸዋል፤ በመርፌ የመወጋትና በጉበት በሽታ የመያዝ ሥጋት አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የኑሮ ጥራትን የሚለካበት አጭር መጠይቅ 26 ጥያቄዎች አሉት። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሰውየው ኑሮውን እንዴት እንደሚያየው፣ ቀጥሎም በጤናው ምን ያህል እንደሚረካ ነው። እኛ ግን ነርሷን ስናገኛት የምንነግራት ስለራሳችን ሕመም ብቻ ነው። እሷን እንዴት ነሽ ብሎ የሚጠይቃት የለም።

ለልዕልቲቱ መታሰቢያ የሚሆን ሆስፒታል የቆመው ካረፉ በኋላ ነው። በገጠር ጤና ጣቢያ ያሉት የሙያ ልጆቻቸው ግን ዛሬ በሕይወት ሳሉ ሐኪም፣ ዕረፍትና ክትባት ያስፈልጋቸዋል።